የሥራ መዝገብን ስለ ማጥራትና ስለ መቀበያ መስፈርት

አንድ ሰው ወደ ሸማኔ ሄዶ «ጥሩ ነጠላ ሥራልኝ» ብሎ ብቻ ቢመለስ፤ ርዝመቱ ስንት ክንድ እንደሚሆን፣ ጥለቱ ምን ዐይነት ቀለም እንደሚኖረው፣ ለማን እንደ ተፈለገ ካልተነጋገሩ፤ ሥራው ባለቀ ጊዜ ሁለቱ መቀያየማቸው አይቀርም። ሸማኔው እንደ ዕውቀቱ ሠርቷል፤ አሠሪው ግን ያሰበውን አላገኘም። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ቢሄድም ሽማግሌው የሚፈርድበት ቃል ያጣል፤ አስቀድሞ የተባለ ነገር የለምና።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራም ይህን የመሰለ ክርክር ዘወትር ያጋጥማል። ልዩነቱ፤ ነጠላው በጥቂት ቀን ሲያልቅ ፕሮግራሙ ግን ዓመታትንና ብዙ ገንዘብን ሊፈጅ መቻሉ ነው። ስለዚህ አጃይል በሚባለው ዘዴ የሚሠሩ ቡድኖች ወደፊት የሚሠራውን ነገር ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይይዛሉ፤ ዝርዝሩንም በየጊዜው አብረው እየተቀመጡ ያጠራሉ፤ ለእያንዳንዱም ሥራ «ይህ ሲሟላ ሥራው ተሠራ እንላለን» የሚል ቃል ይጽፉለታል። ዝርዝሩ በባለሙያዎቹ አጠራር ፕሮዳክት ባክሎግ ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሥራ መዝገብ እንለዋለን። ያንን የስምምነት ቃል ደግሞ የመቀበያ መስፈርት ብለን እንጠራዋለን።

የጽሑፋችን ዓላማ ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ በአጭሩ መግለጽ፣ ቀጥሎም በአንድ የታወቀ የውጭ አገር ታሪክና እኛው ራሳችን በሠራነው አንድ አነስተኛ ሥራ ማስረዳት ነው። ልናሳይ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መስፈርት የሚጠቅመው ስለ በዛ ሳይሆን ሊፈተን በሚችል አኳኋን ሲጻፍ፤ ደግሞም ሥራው የዕለት ኑሮው የሆነ ሰው ባለበት ሲነገር መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የአሠራሩ አመጣጥ

ዊንስተን ሮይስ የተባለ አሜሪካዊ በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ ትልልቅ ፕሮግራሞች በደረጃ የሚሠሩበትን መንገድ በሥዕል ገልጾ ነበር። በዚህ መንገድ በመጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ሁሉ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ንድፍ ይወጣል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ይሠራል፤ በመጨረሻ ይፈተናል። ሮይስ ራሱ ፈተናን እስከ መጨረሻ ማቆየት አደጋ እንዳለበት በዚያው ጽሑፍ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሥዕሉን ተቀብለው ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

በ1986 ሂሮታካ ታኬኡቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን፤ አዲስ ዕቃ የሚፈጥሩ የተሳካላቸው ቡድኖች ሥራውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደ ዱላ ቅብብል እንደማያስተላልፉት፣ ይልቁንም እንደ ራግቢ ተጫዋቾች ኳሷን እየተቀባበሉ አብረው ወደ ፊት እንደሚገፉ ጻፉ። ስክረም የተባለው ስም የመጣው ከዚሁ ጨዋታ ነው። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር ስክረምን እንደ ሥራ ዘዴ አዘጋጅተው በ1995 ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረቡት። በዚያው ዐሥር ዓመት ኬንት ቤክ ከባልደረቦቹ ጋር በክራይስለር የመኪና ኩባንያ የደመወዝ ፕሮግራም ሲሠራ፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ነገር በአጭር ቃል በትንሽ ወረቀት ላይ የመጻፍ ልማድ ተጀመረ። ይህም የተጠቃሚ ታሪክ የሚል ስም አገኘ። በየካቲት 2001 እነዚህን የመሳሰሉ ዘዴዎችን የሚከተሉ 17 ሰዎች በዩታ፣ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው አጃይል የሚለውን ስም መረጡ፤ የጋራ መግለጫም አወጡ።

ለ. የሥራ መዝገቡና ማጥራቱ

የሥራ መዝገብ ማለት ለአንድ ፕሮግራም ወደፊት የሚሠራው ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል የሚጻፍበት ዝርዝር ነው። ከላይ የተጻፈው ቶሎ የሚሠራ ስለ ሆነ ጠበብና ጠራ ያለ መሆን አለበት፤ ከታች ያለው ግን ገና ሩቅ ስለ ሆነ በደፈናው ቢቀመጥ ነውር የለበትም። ዝርዝሩን የሚያዝበትና ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የምርቱ ባለቤት ይባላል። ቡድኑ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ጥቂት ሥራዎችን እያነሣ ከአንድ ወር በማይበልጥ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሠርቶ ያሳያል፤ ይህም ጊዜ ስፕሪንት ይባላል።

ሽዌበርና ሰዘርላንድ በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጡትና በ2020 ባሻሻሉት የስክረም መምሪያ እንደ ተገለጸው፤ ማጥራት ማለት በመዝገቡ ያለውን ሥራ ወደ ትንንሽና ግልጽ ሥራዎች መከፋፈል፣ መግለጫውን፣ ተራውንና መጠኑንም መጨመር ነው። አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን ሥራው እስካለ ድረስ የሚቀጥል ነው። ከ2020 በፊት የነበሩ እትሞች ይህ ተግባር ብዙውን ጊዜ ከቡድኑ የሥራ ጊዜ ከ10 በመቶ እንደማይበልጥ ይናገሩ ነበር፤ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ተትቷል።

ነገሩን በቤታችን ሥራ ብንመስለው፤ እህል ከጎተራ እንደ ወጣ ወደ ወፍጮ አይሄድም። አስቀድሞ ይበጠራል፤ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ከዚያ በኋላ ይፈጫል። የጎተራውን እህል ሁሉ ግን በአንድ ቀን አበጥሮ የሚጨርስ የለም፤ ለሳምንቱ የሚበቃው ይወጣል እንጂ። የሥራ መዝገብም እንዲሁ ነው። ያልተለቀመ ጠጠር በእንጀራ ውስጥ ጥርስ እንደሚሰብር፤ ሳይጠራ የተሠራ ሥራም ጉዳቱ የሚታወቀው ተጠቃሚው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሐ. የመቀበያ መስፈርት ምንድር ነው?

ሮን ጄፍሪስ በ2001 የተጠቃሚ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንደሚይዝ ገልጿል፤ እነዚህም ወረቀቱ፣ ውይይቱና ማረጋገጫው ናቸው። በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ለማስታወሻ ብቻ ነው። ዋናው መግባባት በውይይት ይገኛል። ማረጋገጫው ደግሞ ውይይቱ የደረሰበትን ስምምነት ሊፈተን በሚችል ቃል ያስቀምጠዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፤ መስፈርቱ የውይይቱ ውርስ ነው ማለት እንችላለን።

መስፈርት የሚጻፍበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ዳን ኖርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ያስፋፋው አጻጻፍ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ ነገሩ ያለበት ሁኔታ፣ ቀጥሎ የሚደረገው ድርጊት፣ በመጨረሻም መታየት ያለበት ውጤት። በአማርኛ «ይህ ሳለ፤ ይህ ሲደረግ፤ ይህ ይሆናል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቋንቋችን ሁኔታን አስቀድሞ ማሰሪያ አንቀጽን በመጨረሻ ስለሚያመጣ ይህ አጻጻፍ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም።

አንድ ቃል መስፈርት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቀላል ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ሥራውን ቢመለከቱ አንድ ዐይነት ፍርድ ይሰጣሉ ወይ? የሚል ነው። «ፍለጋው ፈጣን ይሁን» ቢባል ለአንዱ ፈጣን የሆነው ለሌላው ዘገምተኛ ይሆናል። «ውጤቱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይታይ» ቢባል ግን ሰዓት የያዘ ሰው ሁሉ ሊፈርድበት ይችላል።

ይህን ከሌላ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ስክረም ለሥራ ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጋራ የማለቂያ ደንብ እንዲኖር ያዛል። ለምሳሌ ሥራው ሁሉ በሌላ ሰው መታየቱና መፈተኑ እንደዚህ ባለ ደንብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የመቀበያ መስፈርት ግን የአንዱ ሥራ ብቻ ነው። እንዲያውም የስክረም መምሪያ የተጠቃሚ ታሪክንም ሆነ የመቀበያ መስፈርትን አያዝም፤ ቡድኖች ከሌሎች ዘዴዎች ወስደው የጨመሯቸው ናቸው። ስለዚህ «መምሪያው አዞናል» ብሎ ለወጉ ያህል መጻፍ አይበቃም፤ ጥቅማቸው ሊታወቅ ይገባል።

መ. ከ800 ገጽ በላይ ተጽፎ ያልተግባቡበት ሥራ

ኤፍ ቢ አይ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፤ የምርመራ መዛግብቱን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በ2001 አንድ ኩባንያ ቀጠረ። ፕሮግራሙ ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል ተባለ። የሚፈለገው ነገር የተዘረዘረበት ጽሑፍ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። እንግዲህ መጻፍ ብቻውን የሚያድን ቢሆን ይህ ሥራ በዳነ ነበር።

ፕሮግራሙ በ2003 መጨረሻ ሲቀርብ ቢሮው በመጀመሪያ 17 ጉድለቶች አገኘ፤ ቁጥሩም ቆይቶ ወደ 59 ከፍ አለ። ኩባንያው በበኩሉ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጉድለት ሳይሆኑ አዲስ ጥያቄዎች ናቸው አለ። ነገሩ ወደ ገላጋይ ቀረበ፤ ገላጋዩም መርምሮ 19ኙ ቢሮው ፍላጎቱን በመለወጡ የመጡ፣ 40ዎቹ ግን የኩባንያው ስሕተቶች ናቸው ብሎ ፈረደ። ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ የተነገረለት ይህ ሥራ በ2005 ተተወ። የመንግሥት መርማሪዎችም ከምክንያቶቹ አንዱ የሚፈለገው ነገር በደንብ አለመወሰኑና ቀስ በቀስ መለዋወጡ መሆኑን ገልጸዋል።

በመግቢያችን ያነሣነውን ሸማኔ እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል። 59 ነገሮች ወደ ገላጋይ የሄዱት፤ «ይህ ጉድለት ነው ወይስ አዲስ ጥያቄ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት መልስ ስላልነበራቸው ነው። በ800 ገጽ ውስጥ ብዙ ምኞት ሊጻፍ ይችላል፤ ሥራው ሲቀርብ የሚፈርደው ግን የሚፈተነው ቃል ብቻ ነው።

ቢሮው በ2006 ሴንቲኔል የተባለ ሌላ ሥራ ለሌላ ኩባንያ ሰጠ፤ ይህም ስለ ዘገየ በ2010 ሥራው እንዲቆም አዞ ቀሪውን በራሱ እጅ ያዘው። ቡድኑን አሳንሶ፣ ቀሪውን ፍላጎት 670 ያህል የተጠቃሚ ታሪኮች አድርጎ ከፋፍሎ፣ በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን እያሳየ ቀጠለ። ፕሮግራሙም በሐምሌ 2012 ለቢሮው ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ስንል አጃይል ብቻውን ተአምር አደረገ ማለታችን አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ክፍልና የተገኘው ትምህርት ረድቷል፤ ሥራውም መጀመሪያ ከታሰበው ቀን ዘግይቷል። ነገር ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚታይና የሚፈረድበት ነገር ስለ ነበረ፤ ስሕተቱ ሁሉ ተከማችቶ ለመጨረሻው ቀን አልቆየም።

ሠ. የካርድ ክፍሉ

ከዚህ የሚቀጥለው በራሳችን የደረሰ ነው። አምስት ተማሪዎች ሆነን ለአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል የሕመምተኞችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። በሥራ መዝገባችን ራስ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፤ «የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የሕመምተኛውን ስም ጽፎ ካርዱን ማግኘት ይችላል።» ሁላችንም አንብበን ግልጽ ነው አልን፤ የሚጠይቅም አልነበረም። በሁለት ሳምንት ሠራነው፤ ራሳችን በጻፍናቸው ስሞች ፈተንነው፤ ሁሉንም አገኘ።

ፕሮግራሙ ለሙከራ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጅዋን ታቅፋ መጣች። ሠራተኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ የሕፃኗን ስም ጠይቀው ጻፉና «ልጄ፣ ካርድ የላትም» አሏት። «ኧረ አባቴ፣ አምና እዚሁ አይደለም እንዴ ያወጣሁላት!» አለች። ቢፈለግ ጠፋ፤ ስለዚህ አዲስ ካርድ ተከፈተ። ሕፃኗ ወደ ሐኪም ከገባች በኋላ እናቲቱ «መርፌው እንዳይሆን፤ ያን ጊዜ ሰውነቷን አሳብጧታል» ባትል ኖሮ፤ በአሮጌው ካርድ ላይ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሳይታይ ይቀር ነበር። አሮጌው ካርድ በፕሮግራሙ ውስጥ ነበረ። ስሟ «ሠናይት» ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተፈለገው ግን «ሰናይት» ተብሎ ነው።

ለኮምፒዩተር ሠ እና ሰ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ይህም ትክክል ነው፤ በግዕዝ አጻጻፍ ልዩነታቸው ትርጉም አለውና። በአማርኛ አነጋገር ግን ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ፤ የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ በ6 ዐይነት፣ ሥ በ2 ዐይነት፣ ሴ በ2 ዐይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ይህም 24 ነው። ስሙ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ሊጻፍ ስለሚችል 48 ይሆናል። የሰውየው ስም ግን አንድ ነው።

ወደ ካርድ ክፍሉ ተመልሰን «ጋሼ፣ በወረቀቱ መዝገብ እንዴት ያገኟቸው ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ልጆቼ፣ እኔኮ ሰውን የምፈልገው በድምፁ እንጂ በፊደሉ አይደለም፤ በአንዱ ባጣው በሌላው አየዋለሁ» አሉን። በሁለት ሳምንት ሥራ ያላገኘነውን መስፈርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰጡን። ቀድሞውኑ እኛ ሳንጠይቃቸው ቀረን እንጂ እርሳቸው አልደበቁንም። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠን ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ስናጠራ የሚከተሉትን መስፈርቶች አገኘን።

1ኛ. በመዝገቡ «ሠናይት በቀለ» ተብላ የተመዘገበች ሕመምተኛ ሳለች፤ ሠራተኛው «ሰናይት በቀለ» ብሎ ሲፈልግ፤ ካርድዋ ይታያል። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ሁሉ እንዲሁ ይታያሉ።

2ኛ. «ኃይለ ሥላሴ» ተለያይቶ ተመዝግቦ ሳለ፤ «ኃይለሥላሴ» ተብሎ ተጋጥሞ ሲፈለግ፤ ካርዱ ይታያል።

3ኛ. አንድ ዐይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሳሉ፤ ስሙ ሲፈለግ፤ የሁሉም የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ አብሮ ይታያል፤ ሠራተኛው መርጦ እስኪነካ ድረስም የማንም ካርድ አይከፈትም።

4ኛ. «ከበደች» የምትባል ሴት ተመዝግባ ሳለች፤ «ከበደ» ተብሎ ሲፈለግ፤ እንደ አንድ ስም ተቆጥራ አትቀርብም።

5ኛ. ፍለጋው ባዶ በሆነ ጊዜ፤ ፕሮግራሙ አዲስ ካርድ ከመክፈቱ በፊት በእናት ስም ወይም በአያት ስም እንደ ገና እንዲፈለግ ይጠይቃል።

6ኛ. የተመዘገበው ስም በፍለጋው ምክንያት አይለወጥም፤ ባለቤቱ እንዳስጻፈው ይኖራል።

አራተኛውን ያመጣው ከእኛ አንዱ ነው፤ «ፍለጋውን በጣም ካላላነው የሌላ ሰው ካርድ ይከፈታል» ብሎ። ይህም ትልቅ ነገር አስተማረን፤ መስፈርት መሆን ያለበትን ብቻ ሳይሆን መሆን የሌለበትንም መናገር አለበት። በውይይቱ መጨረሻ ደግሞ «የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ያለበት ካርድ ሲከፈት ማስጠንቀቂያው ከሁሉ በፊት ይታይ» የሚል ሐሳብ መጣ። ይህ የፍለጋ ጉዳይ ስላልሆነ ራሱን ችሎ በመዝገቡ ላይ ተጻፈ፤ ከብዙ ሥራዎችም ቀድሞ እንዲሠራ ተወሰነ። ማጥራት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ከአንድ ሥራ ሁለት ያወጣል፤ ቅደም ተከተልንም ይለውጣል።

ረ. የማጥሪያው ስብሰባ እንዴት ይካሄድ?

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ ጀመርን። ከተሞክሯችን እንደ ተረዳነው ሦስት ዐይነት ሰው መገኘት አለበት፤ ነገሩን የሚፈልገው፣ የሚሠራውና «ይህ ቢበላሽስ?» እያለ የሚጠይቀው። ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ነገረኛ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ስሕተትን በወረቀት ላይ ሳለች የሚይዛት እርሱ ነው።

ቢል ዌክ በ2003 ጥሩ የተጠቃሚ ታሪክ ስድስት ጠባዮች እንዲኖሩት ጽፏል፤ ራሱን የቻለ፣ ለድርድር የተከፈተ፣ ለተጠቃሚው ጥቅም ያለው፣ መጠኑ ሊገመት የሚችል፣ ትንሽና ሊፈተን የሚችል ይሆን ዘንድ። መጠንን ለመገመት ጄምስ ግሬኒንግ በ2002 ያቀረበው የቁጥር ካርታ ጨዋታ ይረዳል። እያንዳንዱ የሥራውን ክብደት በቁጥር መርጦ ይሸፍናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። ለእኛ ከግምቱ ይልቅ የጠቀመን ልዩነቱ ነው።

«ሕመምተኛው የቀጠሮ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል» የሚለውን ሥራ ስንገምት አንዳችን 2፣ ሌላው 13 አለ። 13 ያለውን ብንጠይቀው፤ «ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን? ጳጉሜን በኮምፒዩተሩ የቀን መምረጫ ውስጥ የለችም፤ አንዳንድ ዓመት 5፣ አንዳንድ ዓመት 6 ቀን ናት። 3 ሰዓት ሲባልስ ለእናቶቻችን ጧት ነው፤ ለማሽኑ ግን ሌሊት ነው» አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የገመቱት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ከዚህ «በጳጉሜን 3 ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት የተሰጠ ቀጠሮ በወረቀቱ ላይ እንደዚያው ታትሞ ይወጣል» የሚል መስፈርት ተገኘ። የግምት መራራቅ ብዙ ጊዜ መስፈርት የጎደለበትን ስፍራ ይጠቁማል።

ሰ. ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ተማሪዎች «ይህ ሁሉ ወሬ ጊዜ ያጠፋል፤ ሠርቶ ማሳየት ይሻላል» ይላሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ በቂ መልስ ይመስለናል። የእኛን ፍለጋ እንደ ገና መሥራት አንድ ሳምንት ፈጅቷል፤ ጥያቄው አስቀድሞ ቢጠየቅ ግን የአንድ ሰዓት ነገር ነበር።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «እንግዲያውስ ሁሉ ነገር አስቀድሞ ይጻፍ» ይላሉ። ይህም ወደ 800ው ገጽ ይመልሰናል። ሩቅ ላለ ሥራ ዛሬ መስፈርት መጻፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ነገሩም፣ ዕውቀታችንም ይለወጣልና። መስፈርት የሚጻፈው ሥራው ሊጀመር ሲቃረብ ነው። ደግሞም ሥራው እንዴት እንደሚሠራ መናገር የለበትም፤ ምን ሲታይ ተሠራ እንደሚባል ብቻ ይናገር። ፊደላቱን በምን ዘዴ እንደምናመሳስል ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጉዳያቸው አይደለም፤ የሠናይት ካርድ መገኘቱ ግን ጉዳያቸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ መስፈርቱን ሠሪዎች ብቻቸውን ተቀምጠው መጻፋቸው። እኛ ብቻችንን ጽፈን ቢሆን ኖሮ መስፈርቶቹ ያማሩ ይሆኑ ነበር፤ ፈተናውንም ያልፉ ነበር፤ ሆኖም ሕፃኗን ባላገኟት ነበር። ግምት በመስፈርት መልክ ሲጻፍ ይበልጥ ያታልላል፤ የተረጋገጠ ይመስላልና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው፤ የሥራ መዝገብን ማጥራት የጽሕፈት ቤት ወግ አይደለም። ጠያቂውና ሠሪው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ልብ የሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ የመቀበያ መስፈርትም የዚያ መግባባት ምስክር ነው። የገጹ ብዛት መግባባትን እንደማይተካ የኤፍ ቢ አይ ታሪክ ያሳያል፤ «ግልጽ ነው» ተብሎ ያለፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ምን ሊደብቅ እንደሚችል ደግሞ የካርድ ክፍሉ ያሳያል።

በአገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ ፕሮግራሞች እየበዙ በሄዱ መጠን ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ፊደላችን፣ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ሰዓታችንና የስም አጠራራችን ከሌላ አገር በተቀዳ ፕሮግራም ውስጥ ተዘጋጅተው አይጠብቁንም፤ እኛው በመስፈርት ካልጻፍናቸው ማንም አይጽፋቸውም። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፤ ፕሮግራሙ ወደሚውልበት ስፍራ ሄደው ግማሽ ቀን እንዲቀመጡ እንመክራለን። ጤና ጣቢያው ዛሬም ካርድ ይከፍታል። ሠናይት ባለፈው ወር ስትመጣ ካርድዋ በመጀመሪያው ፍለጋ እንደ ተገኘና ማስጠንቀቂያውም ከሁሉ በፊት እንደ ታየ ሽማግሌው ነግረውናል።